ተረከዝ ስር የምትገባ ባለ ሦስት ድርብ ማንሻ፦ ልጄ ሰባት ወር ከተጠቀመባት በኋላ

መጀመሪያ እቃዋን ልንገራችሁ። ጠንከር ካለ ጎማ የተሠራች፣ ጫማ ውስጥ ተረከዝ ስር የምትገባ ማንሻ ናት። ሦስት ድርብ አላት። እያንዳንዱ ድርብ ከኋላው በኩል 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ሲፈለግ ይላጣል፣ ሲፈለግ ተመልሶ ይለጠፋል። ወደ ፊት እየሳሳች ትሄዳለች። የምትሸጠው በነጠላ ነው፣ ለአንድ እግር ብቻ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፣ እኛን ግን ከመጀመሪያው ስህተታችን ያወጣን እሱ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው በጉርምስናው መሃል "አንዱ እግርህ ከሌላው ያጥራል" ለተባለባቸው ወላጆች ነው። ልጆቹ ራሳቸው ቢያነቡት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

የእኛ ነገር የጀመረው ከሱሪ ነው። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በዚያ ዓመት ቁመቱ በአንድ ጊዜ ተመዘዘ፣ ሱሪ ቶሎ ቶሎ እንቀይራለን፣ እና ሁልጊዜ የግራው ጫፍ መሬት እየጎተተ ይበላል፣ የቀኙ ግን ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ግራውን ብቻ አሳጠርኩት፣ ሲሰፋ ተዛንፎ ነው ብዬ። ፎቶ ሲነሳ አንዱ ትከሻው ዝቅ ይላል። ብዙ ሲቆም ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ የቀኝ ጉልበቱን አጠፍ ያደርጋል። የስፖርት አስተማሪው "ቀጥ ብለህ ቁም" ይለዋል፣ እኔም ቤት እንደዚያው እለዋለሁ። ልጁ እኮ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ በቁሙ ጀርባውን አይተው "አከርካሪው ተጣሟል" አሉን። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሌላ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ግን ሰውየው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልጁን በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ጀርባውን ከኋላ አዩ። ቀጥ ያለ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱን በጣም ግልጽ ነበር፦ ሰው ሲቀመጥ እግሮቹ ከሒሳቡ ይወጣሉ፣ ዳሌው እኩል ያርፋል፣ ስለዚህ ጀርባው የተጣመመው እግሩን ተከትሎ ከሆነ ሲቀመጥ ይቃናል፣ ጥመቱ የአከርካሪው የራሱ ከሆነ ግን ሲቀመጥም አይጠፋም። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው አንድ በርጩማ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያን ሳያደርጉ ለምን እንዳስደነገጡን እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ጫማውን አስወልቀው አቆሙት። ከግራ እግሩ ስር ስስ ስስ ጣውላ እየጨመሩ ዳሌው በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን ለኩ። 12 ሚሊ ሜትር ላይ እኩል ሆነ። በኋላ ቆሞ የተነሳው ራጅ፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሙሉውን የሚያሳየው ማለቴ ነው፣ 13 አለ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተቀራርበዋል፣ አመንናቸው። የእኔን ቁጥሮች ግን ብታዩ! ቤት ውስጥ በልብስ ሰፊ ሜትር አንድ ቀን 2 ሴንቲ ሜትር፣ በማግሥቱ 5 ሚሊ ሜትር ነበር ያገኘሁት። በሜትር ሲለካ ከዳሌ ፊት ለፊት ከምትወጣው አጥንት እስከ ቁርጭምጭሚት የውስጥ ጉብታ ነው የሚያዘው፣ ልጁ ትንሽ ጠመም ብሎ ከተኛ ወይም ጣታችሁ አጥንቷን ከሳተ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ስለዚህ እባካችሁ በቤት ልኬት ምንም አትግዙ።

ልጄ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ካልሲውን እያጠለቀ "የተበላሸው የትኛው ነው? ረጅሙ ነው አጭሩ?" ብሎ ጠየቀ። አንጀቴን በላው። ሐኪሙ አልቸኮሉም። ወንበራቸውን ወደሱ አዞሩና "የተበላሸ የለም፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ብዙ ሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አለው፣ ሳያውቀው ይኖራል። ያንተ ትንሽ በለጥ ብሎ ነው የታየው" አሉት። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው የነገሩት። እግሩ የእሱ ነውና።

ከዚያ ድሮ ስብራት እንደነበረ ጠየቁን። ነበረ። በ6 ዓመቱ ወድቆ የቀኝ የጭን አጥንቱ ተሰብሯል። እኔ ወዲያው "ታዲያ ማጠር የነበረበት ቀኙ አይደል?" አልኩ። አይደለም። ትንሽ ልጅ፣ በግምት ከ2 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ የጭን አጥንቱ ሲሰበር ለመዳን ብዙ ደም ወደ አጥንቱ ይሄዳል፣ በዚያ ምክንያት አጥንቱ ለተወሰነ ጊዜ ከወትሮው ፈጥኖ ያድጋል። 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መብለጡ የተለመደ ነው። ግራው አጠረ ያልነው ቀኙ ስለበለጠ ነው። ያን ቀን ሲወድቅ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፣ ስንመለስ "እማ፣ እግሬ እኮ ከሚገባው በላይ ድኖ ነው፣ አታልቅሺ" አለኝ።

ሌላው ልነግራችሁ የምፈልገው ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ሌሊት ነው። እኔ የተኛ መስሎኝ፣ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልኩ ላይ እግር የማስረዘም ቀዶ ሕክምና ቪዲዮ ያያል። እግር ዙሪያ የታሰረ የብረት ቀለበት፣ ቆዳ አልፎ የገባ ሽቦ። ይህን ዘዴ በሶቭየት ኅብረት ኩርጋን ከተማ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው ያዳበሩት፤ አጥንቱ ይቆረጥና በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀስ እያለ ይሳባል፣ ክፍተቱ ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ልጄ ግን የእሱ ዕጣ ያ መስሎት እየተንቀጠቀጠ ነበር። ተመልሰን ሄደን ጠየቅን። እንደ አጠቃላይ መመሪያ ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ወይ ይተዋል ወይ በማንሻ ይደገፋል። ከ2 እስከ 5 ከሆነና ልጁ ገና እያደገ ከሆነ የረጅሙን እግር እድገት ጉልበት አካባቢ በትንሽ ቀዶ ሕክምና አቁሞ አጭሩ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል። ማስረዘም የሚታሰበው በአብዛኛው ከ5 በላይ ሲሆን ነው። የእኛ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ልጄ ያን ቀን ተኛ። ምነው መጀመሪያውኑ ጠይቀን በነበር።

እንግዲህ ወደ እቃው። መጀመሪያ የገዛነው ይቺን አልነበረም። ሻጩ በመከረን መሠረት ለስላሳ፣ ጄል የሚመስል የሲሊኮን ማንሻ ገዛን፣ 1 ሴንቲ ሜትር የሚል ተጽፎበታል። ሁለት ነው በአንድ ማሸጊያ። ሻጩ "ሁለቱንም ያድርግ፣ ሚዛኑን ይጠብቃል" አለን። አስቡት፣ ሁለቱንም እግር እኩል ከፍ ካደረጋችሁ ልዩነቱ እንዳለ ነው! እኛም ግን በቀኑ ድካም አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም አድርገናል። በዚያ ላይ ጄሉ ሲቆሙበት ይጨፈለቃል፣ የተጻፈው ቁጥር እጅ ላይ ሲያዝ ያለው እንጂ ሰውነት ሲያርፍበት የሚቀረው አይደለም። ተረከዝ ለሚያመው ሰው ምቾት ይሰጥ ይሆናል። ከፍታ ለሚፈልግ እግር አይሆንም።

ይቺኛዋ አትጨፈለቅም። ከሰባት ወር በኋላ በማስመሪያ ለክቻታለሁ፣ ሁለቱ ድርብ አሁንም 8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለእኔ ትልቁ ነጥቧ ይህ ነው። ሁለተኛው ነጥቧ በድርብ በድርብ መሠራቷ ነው። ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ሙሉውን እንዳንሞላ ነግረውን ነበር፣ ምክንያቱም ለዓመታት በአንድ መልክ የቆመ ሰውነት በአንድ ቀን ሲቀየር ሌላ ቦታ ይታመማል። ሁለት ሳምንት በአንድ ድርብ ሄደ። መጀመሪያ ባቱ ደከመው፣ ከዚያ ለመደው። ሁለተኛውን ጨመርን። ሦስተኛውን ስንሞክር ተረከዙ ከጫማው እየወጣ አስቸገረው፣ ጉልበቱም የማይመች ስሜት ሰጠው። "እማ፣ ሁለቱ ይበቃኛል" አለ። ሐኪሙም እንደዚያው አሉ፤ ግቡ ዜሮ ማድረስ አይደለም፣ ጫማ ውስጥ ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ አይመችም፣ ከዚያ ካለፈ ጭማሪው ከውጭ በጫማው ሶል ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ 8 ላይ ቆመናል።

ለውጡስ? ረጅም ሰዓት ሲቆም ወገቡንና ዳሌውን ይደክመው ነበር፣ አሁን ያን አያነሳም። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያው ጊዜ ባቱን የሚያፍታታ እንቅስቃሴም ጀምሯል፣ የትኛው እንደረዳው ለይቼ መማል አልችልም። ዓይኔ ያየው ነገር ሲቆም ቀኝ ጉልበቱን ማጠፍ መተዉን ነው። ትከሻውም ከሞላ ጎደል ተስተካክሏል።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ድርቦቹን የሚያጣብቀው ማስቲሽ ላብ አይችልም። በሁለተኛው ወር መንሸራተት ጀመረ፣ ልጄ ስፖርት ከሠራ በኋላ የላይኛው ድርብ ወደ ፊት ሾልኮ ይገኛል። የጫማ ማስቲሽ ገዝተን ራሳችን አጣበቅናት፣ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም፣ ግን ይህ የሠሪው ሥራ ነበር። የፊተኛው ጠርዟ ደግሞ በደንብ አልሳሳም። መሃል እግሩ ላይ እንደ ጠጠር ይሰማው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አለሰለስነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ከሁሉ በላይ አናዶኛል፦ ቁመት ትጨምራለች፣ አከርካሪ ታቃናለች ይላል። አጥንት አታሳድግም። ሲያወልቋት ልዩነቱ እዚያው ነው። ፈርቶ ለተቀመጠ ልጅ እንዲህ ያለ የውሸት ተስፋ መሸጥ ነውር ነው። ቀስ በቀስ ጀምሩ የሚል አንድ መስመር ግን የትም የለም።

ጫማም ትመርጣለች። ከኋላ ከፍ ያለ፣ በክር የሚታሰር ጫማ ይስማማታል። ሸበጥ ላይ አትሆንም። የእግር ኳስ ጫማው ውስጥም ስላልገባች ያለ እሷ ነው የሚጫወተው፣ ሐኪሙ ችግር የለውም ብለዋል። ከጫማ ጫማ ማዘዋወር ደግሞ ይረሳል፣ ሁለት ብትገዙ ይሻላል። ከጫማው ጋር የመጣውን የውስጥ ንጣፍ አንሱና ከስሩ አስገቧት፣ ከላይ ስትሆን ካልሲ ያንሸራትታታል።

የማትሆንለት ሰውም አለ። አንዳንዴ አጥንቱ እኩል ሆኖ ሳለ የዳሌ ጡንቻ ወይም መገጣጠሚያ ስለተኮማተረ ብቻ እግር ያጠረ ይመስላል። እዚያ ላይ ማንሻ ማድረግ ችግሩን መሸፈን ነው፣ የሚያስፈልገው ፊዚዮቴራፒ ነው። ልኬቱም ራጁም የሚጠቅመው ይህን ለመለየት ጭምር ነው። ደግሞ እያደገ ያለ ልጅ ቁጥሩ ባለበት ላይቆም ይችላል። ከእግር እድገት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ጉልበት አካባቢ ካሉት ሁለት የእድገት ቦታዎች ነው፣ እነሱ የሚዘጉት በሴት ልጅ 14 ዓመት፣ በወንድ 16 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ እስኪዘጉ ድረስ በየስድስት ወሩ እንለካለን። ባለፈው ስንለካ 13 ነበር፣ አልተለወጠም።

ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለማስቲሹና ለጠርዙ ነው። ለማሸጊያው ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት እቀንስ ነበር፣ ግን እቃዋ ሥራዋን ትሠራለች። አሁን ልጄ ራሱ ነው የሚያስገባትና የሚያወጣት፣ እኔ አልነካትም። ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ጫማው ውስጥ አይቷት ምንድን ናት ሲለው ሰማሁ፣ "ቀኝ እግሬ 13 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ይቺ ለግራው ናት" አለውና ወደ ጨዋታቸው ሄዱ።

ቀጣዩ ልኬት ከአራት ወር በኋላ ነው። ቁጥሩ ከተለወጠ እዚሁ እጨምራለሁ።