ከሸዋ በር የገዛሁት ያገለገለ ባይኖኩላር

ደሴ ሸዋ በር ካለች ትንሽ ሱቅ በ4500 ብር ነው የገዛሁት። 8 በ42 ነው፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ለጫካ ጥላ ጥሩ ልክ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ የጎፍ ጫካ ሞከርኩት። ሶሪት የምትባለዋን ወፍ አየሁ! ጥድና ወይራ መሃል ዝም ብላ ስትቀመጥ አረንጓዴነቷ ከቅጠሉ አይለይም፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ያ ደም የመሰለ ቀይ ቦግ ይላል (ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፣ እውነቴን ነው)። መስታወቱ ጥርት አድርጎ አሳየኝ።

ቅሬታዬ? የቀኝ ዓይን ማስተካከያው ላልቷል። ሻጩ «ምንም የለበትም ወንድሜ» ብሎኝ ነበር። ማንገቻም የለውም፣ በጫማ ክር አሰርኩት። ጉም ሲወርድ ደግሞ ውስጡ እንፋሎት ይይዛል።

የእኛዋ ሶሪት በብዙ ደጋ ጫካ ስላለች ለጊዜው ደህና ናት። የሚያሳዝነኝ ነገሌ ቦረና አካባቢ ያለችው ዘመዷ፣ የሩስፖሊ ሶሪት ናት። በዓለም ላይ ከደቡብ ኢትዮጵያ ሌላ አገር የላትም፣ ጫካዋም ለእርሻና ለማገዶ እየተመነጠረ ነው። ስሟ የመጣው በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ከገደለው ጣሊያናዊ መስፍን ነው፤ ሰውየው ወፏን የት እንዳገኛት ሳይጽፍ በመሞቱ መኖሪያዋ ለአሥርተ ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ።

ለባይኖኩላሩ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። 3000 ብር ቢለኝ ኖሮ 4 እሰጠው ነበር። ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አትሞክሩት፣ ወደ ጦሳ ተራራ አዙራችሁ እዩበት።