«ያለ ፈተና፣ በ18 ወር ዶክትሬት» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትክፈሉ (ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ)

ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም በየምሰሶውና በየቴሌግራም ቡድኑ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «ሥራዎን ሳይለቁ፣ ያለ መግቢያ ፈተና፣ በ18 ወር የውጭ አገር ፒኤችዲ» ይላል። ሁለተኛ ዲግሪ ይዛችሁ ኮሌጅ፣ ትምህርት ቤት ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፒያሳ አካባቢ ካለ ቢሮ ይህን «ትምህርት» ገዝቶ 180,000 ብር ወጥቶበታል። ገንዘቡን ለማስመለስ ሲሯሯጥ ሰነዶቹን አብሬው ስመረምር ስለነበር የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው። የድርጅቱን ስም የማልጠራው ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ስለሆነ ነው።

ቢሮው ስትገቡ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ «ዶክተር» እያሉ ነው የሚያናግሯችሁ። የዲግሪና የትራንስክሪፕት ኮፒ፣ ሲቪ፣ የፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ይቀበላሉ። ምን ልታጠኑ እንዳሰባችሁ ግን የሚጠይቃችሁ የለም። ለባልደረባዬ ይህ ብቻውን ሊበቃው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ስንት ዓመት የጓጓለትን ነገር አገኘሁ ሲል አይጠራጠርም፣ አልፈርድበትም። ሳይቆይ ማኅተም ያለው የቅበላ ደብዳቤ በኢሜይል መጣለት። የአማካሪ ስም የለበትም፣ የምርምር ርዕስ የለበትም፣ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደተቀበለው እንኳ አይገልጽም። የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ የአማካሪና የርዕስ ትምህርት ነው። ሥራችሁን አንብቦ «ይህን ሰው እኔ አማክረዋለሁ» የሚል ፕሮፌሰር ሳይኖር የሚመጣ ደብዳቤ ምን እንድትሠሩ ነው የሚጠራችሁ?

አሁን ወደ ደረሰኙ ልምጣ፤ ትልቁ ጉዳይ እዚያ ላይ ስለሆነ በደንብ ተመልከቱልኝ። ደረሰኙ የሚለው «የማማከር አገልግሎት» ነው። «የትምህርት ክፍያ» የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለውም፣ የዩኒቨርሲቲውም ስም አልተጻፈበትም። ውሉ ላይ በትንንሽ ፊደል «የቅበላ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ ክፍያ አይመለስም» ተብሏል። እንግዲህ በሕግ ዓይን የተሸጠለት ደብዳቤው ነው፣ ደብዳቤውም ደርሶታል። ትምህርቱ አልተጀመረም ብሎ ሲሄድ «እኛ የገባነውን ፈጽመናል» አሉት። ከዚያ በኋላ ነው «የአማካሪ ምደባ»፣ «የፕሮፖዛል ማጽደቂያ» እየተባለ ሌላ ገንዘብ የተጠየቀው፣ እሱም ወደ አንድ ግለሰብ የባንክ ሂሳብ እንዲያስገባ። ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚቀበለው በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። የግለሰብ ሂሳብ ቁጥር የሰጧችሁ ዕለት ከዚያ ቢሮ ውጡ።

ዩኒቨርሲቲ የተባለውንም ፈለግነው። ያማረ ድረ ገጽ አለው፣ «ዕውቅና የሰጠን ዓለም አቀፍ ካውንስል» የሚለው አካል ግን በየትኛውም አገር መንግሥት የማይታወቅ ነው። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. ካራቺ የሚገኘው አክዛክት የተባለ የፓኪስታን ኩባንያ በበርካታ የፈጠራ ዩኒቨርሲቲዎችና በፈጠራ ዕውቅና ሰጪዎች ስም ዲግሪ ሲሸጥ መኖሩ ተጋልጧል። «በሕንድ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው» ቢሏችሁም አትዘናጉ። የሕንድ የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ለፒኤችዲ ዝቅተኛውን ጊዜ 3 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። የትምህርት ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከውጭ ተቋማት ጋር ሆነው የሚያቀርቡት የኦንላይን ፒኤችዲም ዕውቅና እንደሌለው በ2022 እ.ኤ.አ. በይፋ አስጠንቅቋል። ታዲያ 18 ወሩ ከየት መጣ?

ወረቀቱ በመጨረሻ የሚሄደው ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ከውጭ የመጣ ዲግሪ እዚያ የአቻ ግምት ካላገኘ፣ ማለትም ከአገር ውስጡ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ካልተባለ፣ ለደረጃ ዕድገትም ለደመወዝም አያገለግልም። ተቋሙ በገዛ አገሩ ዕውቅና ከሌለው አቻ የሚሆንበት መንገድ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ሙሉ ስምና አገር ጽፋችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቁ፤ ኮምቦልቻም ደሴም ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ደላላው «እኛ እናስጨርሳለን» ቢል አትስሙት።

«ያለ ፈተና» የምትለዋን ቃል በተመለከተ፦ አገር ውስጥ ለሁለተኛም ለሦስተኛም ዲግሪ ለመግባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፣ ብዙዎቻችን ጋት የምንለው። ፈተናው ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። የወደቀ ሰው ግን እንደገና ተፈትኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ደላላ እጅ የገባ ብር ግን በቀላሉ አይመለስም። ውጭ መማር ለምትፈልጉም ዋናው መንገድ ነጻ ነው። ለፕሮፌሰር ኢሜይል መጻፍ አያስከፍልም። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዶክትሬት የሚሠራ ሰው በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፣ ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ድርጅት ዳአድም (DAAD) ለማመልከቻ ገንዘብ አይቀበልም። አንድ ገጽ ተኩል የምርምር ሐሳብ ጽፋችሁ በእንግሊዝኛ የሚያርምላችሁ ሰው ካጣችሁ ጻፉልኝ፣ የቻልኩትን ያህል አነባለሁ።

የከፈላችሁም አላችሁ፤ ሦስት ሰዎች በውስጥ መስመር ነግረውኛል። አታፍሩ፣ ዝምታችሁ የሚጠቅመው እነሱን ነው። ሁለተኛውን ክፍያ አቁሙ። ደረሰኙን፣ ውሉን፣ ማስታወቂያውን፣ የቴሌግራም ምልልሱን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ማስታወቂያውን ሲያነሱት እኛ አይተናል፣ ቀድማችሁ ያዙት። ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁና የተቀበሉበትን ፊርማ አስፈርሙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በዚያ መሠረት ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ፣ ማታለል አለ ካላችሁ ደግሞ ለፖሊስ አመልክቱ። ባልደረባዬ ማመልከቻውን አስገብቷል። ከዚሁ ቢሮ የገዛችሁ ካላችሁ አብራችሁት ብትቀርቡ ክሱ ይጠነክራል፣ በውስጥ መስመር አግኙኝና አገናኛችኋለሁ።