ሳቢያን ያለው ቪዲዮ ቤት፣ የበረሃ ልብስና ለባሾቹ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከአሮጌ መጋዘን የተሠራው ቪዲዮ ቤት ከኳስ ጨዋታው ጎን ለጎን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞችን ማሳየት ጀምሯል። መግቢያው 50 ብር ነው። መጋረጃው ሰፊ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የማራገቢያው ነፋስ ግን የኋላውን ረድፍ አያገኘውም፤ ስለዚህ በግንቦት ሙቀት ቀደም ብሎ ደርሶ ከፊት መቀመጥ ይሻላል። ሴቶች ብቻችንን ገብተን ማንም ሳያስቸግረን የምናይበት ቤት መሆኑን ከልቤ አመሰግናለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሪያ የሚያሰፉ የሶማሌ እናቶች፣ ለጥምቀት የሐበሻ ቀሚስ የሚያዙ ወጣቶች ደንበኞቼ ናቸው። ፊልም ሳይም ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ፣ ቀጥሎ ጨርቁን የለበሰው ሰው ላይ ነው። ቤቱ «ዱን»ንና «ብላክ ፓንተር»ን አከታትሎ ማሳየቱ ለእንደ እኔ ዓይነት ተመልካች ትልቅ ስጦታ ነበር።

«ዱን» ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ካሳተመው ልብ ወለድ ዴኒ ቪልነቭ በ2021 የሠራው ፊልም ነው። የበረሃው ሕዝብ ላብን መልሶ ውኃ የሚያደርግ፣ ከሰውነት የሚጣበቅ ልብስ ይለብሳል፤ በላዩም ሰፊ ጨርቅ ይደርባል። የእኛን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የዚያን ድርብ ጨርቅ ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል። ዶክተር ካይንስ የመስፍኑን ልብስ ማሰሪያ በእጇ እየፈተሸች የምታስተካክልበትን ትዕይንት ደግሞ ደጋግሜ ባየው አልጠግበውም። በመጽሐፉ ካይንስ ወንድ ነው፤ በፊልሙ ግን ጥቁር እንግሊዛዊቷ ሻሮን ደንከን ብሩስተር ናት የምትጫወተው። በረሃውን አጥንታ የምታውቅ፣ ሹማምንት ፊት የማትሸማቀቅ ምሁር ሆና ቀርባለች። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ውሳኔ ይህ ነው።

ቅሬታዬም ከዚያው ይነሳል። በረሃው የተቀረጸው በዮርዳኖስ ዋዲ ረምና በአቡ ዳቢ ነው፤ «ማህዲ» (በእስልምና የሚጠበቀው መሪ) የሚለው ጥሪ ሲሰማ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ አወቁት። የሕዝቡ መሪ ስቲልጋር ግን ስፔናዊው ኻቪየር ባርደም ነው። በ2024 በወጣው ሁለተኛው ክፍል የቱኒዚያ ዝርያ ያላት ሱሄይላ ያኩብ ተጨምራለች፤ ከዐረቡ ዓለም ለተወሰደው ጸሎት፣ ስምና አለባበስ ግን ይህ እጅግ ያንሳል። ጨርቁን ወስዶ ባለቤቱን ከደጅ ማስቀረት ያሳዝነኛል።

በ1966 ከተፈጠረ የሥዕል መጽሔት ጀግና የተነሳው፣ ታሪኩ ዋካንዳ በምትባል ምናባዊ የአፍሪካ አገር የሆነው «ብላክ ፓንተር» (2018) በዚህ በኩል ይበልጣል። የልብስ ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በዚህ ሥራዋ በ2019 ኦስካር ስትሸለም፣ በዘርፉ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። የንግሥቲቱ ቆብ የዙሉ ባለትዳር ሴቶች ቆብ ነው፣ ቅርጽ አውጥቶ በሚያትም የኮምፒውተር ማተሚያ (3D) የተሠራ። የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ ከሌሶቶ የመጣ ነው። የለበሱትም ጥቁር ተዋንያን ናቸው፣ ንጉሡም፣ ሳይንቲስቷም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጎ ይታያል። በእኛው በኦሞ፣ በሙርሲና በሱሪ ዘንድ ገሉን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ልብስ ከነወጉ ካልተወሰደ ጎደሎ ይሆናል።

ለቤቱ ባለቤት የምጠይቀው፦ ከሥር የሚወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ አጠገቤ የነበሩት እናት ከእኔ ሹክሹክታ በቀር የሚይዙት አልነበራቸውም። ታሪኩን ከመጀመሩ በፊትና በእረፍቱ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚያስረዳ አንድ ወጣት ቢመደብ ሌላ 10 ብር ጨምሬ በደስታ እከፍላለሁ።