ከሁለት ልጆች ጋር በአውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር፦ በጣና ዳር ያለች የአንዲት እንግዳ ማረፊያ ግምገማ

በየካቲት የትምህርት ዕረፍት ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወርደን፣ በጣና ዳር ባለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አራት ሌሊት አድረናል። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ገና የዓመት ከአራት ወር ሕፃን ነው። ይህን የምጽፈው ልጅ ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ስለሆነ፣ ያለ ልጅ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛው ነቀፌታዬ ላይታየው ይችላል።

በመኪና ያልሄድነው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ፣ ያውም የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ተጨምሮበት፣ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅና ልጅቷም ገና ከአዲስ አበባ ሳንርቅ የምታስመልስ ስለሆነች ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የረፋዱን የመረጥነውም ሆን ብለን ነው፤ በሌሊት የተቀሰቀሰ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል።

በበረራው የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ልጁን አውሮፕላኑ ሲነሣ አጠባሁት፤ ጠግቦ ተኛ። ወደ ባሕር ዳር መውረድ ስንጀምር ግን ቀኝ ጆሮውን እየጎተተ በለቅሶ ነቃ፤ ጡትም አልይዝ አለ። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃናት ላይ ጠባብና ጋደም ያለ በመሆኑ፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ የሚጨምረውን የአየር ግፊት ቶሎ አያስተካክለውም፤ ቱቦውን የሚከፍተው መዋጥ ነው። ስለዚህ ጡቱም ሆነ ጡጦው መቆየት ያለበት ለመውረጃው ነው፤ መውረዱ ደግሞ የሚጀምረው ከማረፉ ብዙ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ልጅቷ አያቷ የቋጠሩላትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠመች ምንም ሳይሰማት ወረደች። ቆሎው ግን ለሕፃን አይሆንም፤ ያንቀዋል።

ከማረፊያው ይላካል የተባለው መኪና 40 ደቂቃ ዘገየ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትሞቃለች፤ ሹራባቸውን አውልቄ ልጁን በነጠላዬ አስጠለልኩት። ስንደርስ ይቅርታ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱም ሐይቁን ያሳያል። አጎበሩ ግን በሕፃኑ አልጋ በኩል መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። እኛ አዲስ አበቤዎች ደገኞች ስለሆንን ወባን እንረሳታለን፤ ጣና ዳር ግን የምትረሳ አይደለችም። የመጀመሪያውን ሌሊት ቀዳዳውን ሰብስቤ በልጅቷ የፀጉር ላስቲክ አስሬው አደርን፤ አዲስ አጎበር የመጣው በማግሥቱ ማታ ነው።

ከዚህ የባሰ ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ከጓሮው በድንጋይ ደረጃ ወደ ሐይቁ ይወረዳል፤ አንዱ ሠራተኛም በቅን ልብ ልጅቷን «ነይ፣ እግርሽን ንከሪ» አላት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚባል፣ በትል የሚመጣ በሽታ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃው ውስጥ ከቆየ በኋላ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለዚህም እግር መንከር ይበቃዋል። ልጅ የሚቀበል ማረፊያ ይህንን ደረጃው ራስ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይገባው ነበር። እኛ ሐይቁን ያየነው ከወንበራችን ሳንነሣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የደንገል ታንኳ ሲያልፍ መቁጠር ለልጅቷ በቂ ጨዋታ ሆነላት።

ወጥ ቤቱን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። የፈላ ውሃ ሳንጠይቅ በፔርሙዝ ይመጣል፤ ለልጆች በርበሬ ያልነካው አልጫ ለብቻው ይሠራል። ስለ አሳው አጥንት ስጠይቃቸው ወጥ ሠሪዋ እናት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ በጣቴ ዳስሼ ነው የማወጣው» አሉኝ፤ በአራት ቀን አንድም አጥንት አላገኘሁም። ልጁም ሆዱን አላመመውም።

አጎበሩን እንግዳ ሳይገባ ከፈተሹና ደረጃው ላይ ማስጠንቀቂያ ከለጠፉ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ መኪናውን ግን ራሴ እይዛለሁ። በመልሱ ጉዞ ትምህርቴን ይዤ፣ አዲስ አበባ ልናርፍ ስንል የተኛውን ልጅ ቀስቅሼ አጠባሁት። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል፤ አዲስ አበባም ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለጆሮ ብዙ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ልጁ በከንቱ ስለቀሰቀስኩት እስከ ሻንጣ መረከቢያው ድረስ ተቆጣኝ።