«እስከ ውስጡ ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ዴንቨርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የቆዩ የያማሃና የሆንዳ ደርት ባይኮችን (ለጫካና ለተራራ መንገድ የሚሆኑ ሞተር ብስክሌቶችን) መፈለግ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ባለፈው መስከረም 4,800 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት ሞተር በመጀመሪያው ጉዞዬ ተራራ ላይ ነክሶ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) ቀረ። ሻጩ ዛሬም እየሸጠ ነው። በዚህ ወር ብቻ ሁለት የአገራችን ልጆች እሱ ጋ ያዩትን ሞተር ፎቶ ልከውልኝ «እንዴት ነው፣ ልግዛው?» ብለውኛል። ዝም ብል ኃላፊነቱ የኔም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የገዛሁት እ.ኤ.አ. የ1968 ምርት ነው የተባለ ያማሃ ዲቲ 1 ነው። 246 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አምስት ማርሽ፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ። ራዲያተር የለው፣ ቫልቭ የለው፤ አንድ ሰው ጥቂት ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ሊፈታው የሚችል ሞተር ነው። ዲቲ 1 ከመምጣቱ በፊት አሜሪካ ውስጥ ጫካ ለጫካ መንዳት የፈለገ ሰው በአብዛኛው ወይ ከባድ ባለ አራት ምት ሞተር ይታገላል፣ ወይ ውድ የአውሮፓ መወዳደሪያ ይገዛል። ዲቲ 1 ግን በሳምንቱ ቀን ሥራ የምትሄዱበት፣ ቅዳሜ ተራራ የምትወጡበት፣ ዋጋውም የሚቀመስ ሆኖ መጣ። ዛሬ ሰዎች የሚፈልጉት በምክንያት ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ድምፁ ነው። አጎቴ ወሎ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሳለ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ያማሃ ኤጂ 100 ነበረው፤ እሱም በአየር የሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ነው። ካቴናው ዙሪያውን የተሸፈነ፣ ጭቃ የማይፈራ። ገና ወንዙን ሳይሻገር ድምፁን ሰምተን «መጣ! መጣ!» እያልን እንሮጥ ነበር። ያ ድምፅና ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ ያን ነጭ ታንክ ሳይ ልቤ ከዓይኔ ቀደመ። ሻጩም ይህን ፊቴ ላይ ያነበበ ይመስለኛል።

ሞተሩ እንደ መስተዋት ያበራል። በአንድ ምት ተነሣ። «ክራንኩም (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ሲሊንደሩም አዲስ ነው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም አንድ ነው» አለኝ። የሠራበትን ደረሰኝ ስጠይቀው የሠራለት ጓደኛው ስለሆነ ደረሰኝ እንደሌለው ነገረኝ። እጄን ሲሊንደሩ ላይ ሳሳርፍ ትኩስ ነው፤ እኔ ከመድረሴ በፊት አሙቆታል ማለት ነው። ሰፈሩ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ነዳሁት። ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ጢሱ ወፈር ሲልብኝ ጠየቅኩት። «ዴንቨር ከፍታ ስለሆነ ትልቅ ጄት አስገብቼበታለሁ» ብሎ መለሰልኝ፤ እኔም አመንኩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ማታለያው ያለው እዚች አረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ጄት ማለት ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው የነሐስ ቀዳዳ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም፣ እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልክ አሮጌ መኪና ያላየ የለም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም በልኩ መቀነስ አለበት፣ ማለትም ጄቱ ማነስ አለበት። ከፍታ ላይ ትልቅ ጄት የሚያስገባ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ አንድ ነገር ሊሸፍን ነው። በኋላ ካርቡራተሩን ስፈታ የነበረው ጄት መመሪያ መጽሐፉ ለባሕር ጠለል ከሚያዘው እንኳ ሦስት ቁጥር ይበልጣል።

የተሸፈነው ምን ነበር? ቱ ስትሮክ ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ ከፒስተኑ ሥር ወዳለው የክራንክ ቤት ይስብና ከዚያ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ያ ቤት አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የክራንኩ ግራና ቀኝ ላይ ኦይል ሲል የሚባሉ የጎማ ቀለበቶች ያሉት ለዚህ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ኦይል ሲል ቢያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መሬት ታቆሽሻላችሁ፣ በቃ። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ባረጀው ሲል በኩል አየር ይገባል፣ የቤንዚንና የአየሩ ውሁድ ቤንዚን አንሶት ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይትም የሚመጣው ከዚያው ውሁድ ጋር ነውና እሱም ያንሳል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ቢሆን ትንሽ ይታገሥ ነበር። የኛ የማቀዝቀዣ ክንፍ ብቻ ያለው ሞተር ግን የሚያግዘው ነፋስ ነው፤ አቀበት ላይ በቀስታ ስትወጡ ደግሞ ነፋስም የለም።

ትልቁ ጄት ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን አብዝቶ ጉድለቱን ይደብቃል። ግማሽ ጋዝ ላይ ስትሆኑ ግን ዋናው ጄት ገና በሙሉ አልገባበትም፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው መርፌ ነው፤ እዚያ ላይ ምንም መሸፈኛ የለም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ራምፓርት ሬንጅ ወደሚባለው ተራራ ወጣን። ሮዝ የሚመስል የደቀቀ ድንጋይ፣ የጥድ ሽታ፣ ጠባብ መንገድ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሕይወቴ ከነዳሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ሞተሩ ከታች ጀምሮ በለስላሳው ይጎትታል፣ በመዞሪያ ላይ እንደ ብስክሌት ይታዘዛል። ከዚያ ረጅም አቀበት ያዝን። መታጠፊያ ላይ ጋዙን ስለቀው ሞተሩ አልወረደም። እጄ ለቋል፣ ድምፁ ግን ከፍ ብሎ ቆየ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ወረደ። ገመዱ የተያዘ መስሎኝ ቀጠልኩ። ይህን ምልክት እባካችሁ አትርሱት፦ ጋዝ ለቃችሁ ሞተሩ አልወርድ ካለ፣ ወዲያው አጥፉት። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የኋላው ጎማ ተቆለፈ። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ቆምኩ። አቀበት ሆኖ ቀስ ብዬ ስለነበር እንጂ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ብቻ ባልሆነ ነበር። ጸጥ ሲል የሲሊንደሩ ክንፎች ሲቀዘቅዙ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲሉ ይሰማኛል።

ቤት ወስጄ ፈታሁት። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች በአራት መስመር ተጭሯል። የግራው ኦይል ሲል፣ ማግኔቱ ያለበት ጎን፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ተሰነጠቀ። አዲስ የተባለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስተን አናቱ ላይ 100 የሚል ተመትቶበታል፤ ይህ ማለት ከመጀመሪያው ልክ አንድ ሚሊ ሜትር እስኪሰፋ ድረስ ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ተደርጓል (ውስጡ ተልጧል)፣ ከዚያ በላይ ሊሰፋ አይችልም። ሲሊንደሩ ውስጥ አዲስ የብረት እጅጌ (ቱቦ) መክተት ግድ ሆነ። ኩሽኔታው፣ ክራንኩ፣ ፒስተኑ፣ እጅጌው ተደምሮ 1,340 ዶላር፤ የራሴን ሌሊቶች ሳልቆጥር።

ዕድሜውም ውሸት ነበር። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ሪድ ቫልቭ አገኘሁ፣ እነዚያ ቀጫጭን የሚከፈቱና የሚዘጉ ምላሶች። ያማሃ ይህን በዲቲ ላይ ያስገባው በ1972 ነው። ወፍራሙን ቀለም ስፍቀው የሞተሩ ቁጥር ዲቲ 2 ብሎ ይጀምራል፣ የሻንሲው ደግሞ ዲቲ 1። የዚያ ዘመን ያማሃ ከፋብሪካ ሲወጣ የሁለቱ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። እኔ የገዛሁት የሁለት ሞተር ቅልቅል ነው። ለመንዳት ምንም ክፋት የለውም፣ ዋጋው ግን የዚያ አይደለም።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ከሁሉ በፊት፣ «እኔ እስክመጣ አታስነሣው» ብላችሁ ንገሩትና ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ንኩ። ከዚያ የሞተሩን ብሎኖች ጭንቅላት ተመልከቱ። በትክክል የታደሰ ሞተር ተፈትቶ፣ ክፍል በክፍል ተቀብቶ፣ በንጹሕ ብሎን ይገጠማል። የብሎኑ መፍቻ ቀዳዳ ውስጥ ቀለም ሞልቶ ካያችሁ፣ የአሮጌ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ጫፍም ከቀለም ሥር ካበጠ፣ በተገጠመበት ነው የተረጨው። የኔው ልክ እንደዚህ ነበር፤ ቤት ከመጣሁ በኋላ የወሰድኩት የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ላይ በግልጽ ይታያል።

ዋናው ግን የግፊት ሙከራ ነው። የካርቡራተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ በጎማ ትደፍናላችሁ፣ በእጅ ፓምፕ እስከ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ትነፋላችሁ፣ ስድስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። መለኪያው ከወረደ ሳሙና ውኃ በየመገጣጠሚያው ትቀባላችሁ፤ ጎሚስታ ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው ማለት ነው። የግራውን ሲል ለማየት የማግኔቱን ሽፋን መክፈት ያስፈልጋል። በሙሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሞተሩ ታድሷል የሚል ሰው ይህን የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ከከለከለ ወደ መኪናችሁ ተመለሱ።

የዘይት ፓምፑንም ጠይቁ። ያማሃ ዘይቱን ራሱ የሚቀላቅል ፓምፕ አለው፣ ብዙ ሰው ግን ነቅሎት ዘይትን ከቤንዚን ጋር በእጅ ይቀላቅላል። ፓምፑ መነቀሉን ሳታውቁ ንጹሕ ቤንዚን ብትሞሉበት ከተማ ሳትወጡ ሞተሩ ያልቃል።

ሻጩ ስደውልለት ወረቀቱን አስታወሰኝ። «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚለው ሥር ፈርሜያለሁ። «እስከ ውስጡ ታድሷል» ያለበት ማስታወቂያ ደግሞ ተሰርዟል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ገና ሳትደውሉ ፎቶ አንሡት፤ በአፍ የነገራችሁንም በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ሲሊንደሩ አዲስ ነው ካለ «ሲሊንደሩ አዲስ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ቀብድ በስልክ አትላኩ።

አሁን የለጠፈው የ1973 ሆንዳ ኤልሲኖር 250 ነው፣ ሁለታችሁ ፎቶውን የላካችሁልኝ። እሱ ደግሞ የጎን ሽፋኖቹ ማግኒዚየም ናቸው፣ እርጥበት ከቀለም ሥር ሆኖ ይበላቸዋል፤ በጣታችሁ ዳሱት፣ ካበጠና ከሻከረ ውስጡ ተበልቷል። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። የግራው ሽፋን ብሎኖች በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀለም ሞልቷል።