ግማሹን መንግሥት ይከፍላል፣ ግን ቆይቶ

«ወጣት ቅጠር፣ ግማሹን ደመወዝ መንግሥት ይከፍልልሃል።» ካናዳ ውስጥ ትንሽ ቢዝነስ የከፈተ ሐበሻ ሁሉ ይህን ወሬ አንድ ቀን ይሰማል። ወሬው እውነት ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ያውም «አረንጓዴ ሥራ» በሚባለው ዘርፍ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ሥራዬ ቶሮንቶ ውስጥ ቤት መፈተሽ ነው። ቤት ገዢ የሚያስፈትሸውን ዓይነት ግን አይደለም። ሙቀቱ በየት በየት እንደሚሾልክ እንለካና ጣሪያው ኢንሱሌሽን (ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ) ይጨመርበት፣ ማሞቂያው ይቀየር እያልን እንመክራለን። ባለሙያው ኢነርጂ አድቫይዘር ይባላል። ዝም ብሎ አይገባበትም፤ የፌዴራሉን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ የናቹራል ሪሶርስስ ካናዳን ሁለት ፈተና ማለፍና መመዝገብ ያስፈልጋል። ችግሩ ፈተናውን ያለፈ ሰው እንኳ ቤት ውስጥ ካልሠራ ሥራውን አያውቀውም።

በ2021 የፌዴራል መንግሥት ግሪነር ሆምስ የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ቤቱን ለሚያድስ ባለቤት እስከ 5,000 ዶላር፣ ለፍተሻው ደግሞ እስከ 600 ዶላር ይሰጥ ነበር። ስልኬ መጮህ አላቆመም። ብቻዬን ስለማልችለው ሰው ፈለግኩ። የሠለጠነ ሰው ከየት ይምጣ? ያኔ ነው ድጎማውን ማጥናት የጀመርኩት።

በሩ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለሰመር ወጣት ለሚቀጥር የሚከፍለውን ካናዳ ሰመር ጆብስን ነው። የሙሉ ጊዜ ሠራተኞቹ ከ50 ያልበለጡ የግል ድርጅት ማመልከት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ የሚከፈላችሁ እናንተ የምትከፍሉት ደመወዝ ግማሽ አይደለም። የክፍለ ሀገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ ግማሽ ነው፣ እሱም «እስከ» ነው። ኦንታሪዮ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው በሰዓት 17.60 ነው። ለልጁ 24 ዶላር ብትከፍሉ ከመንግሥት የሚመጣው ቢበዛ 8.80 ነው። የቀረው ከኪሳችሁ።

ተማሪ ለሚቀጥር ስቱደንት ወርክ ፕሌስመንት ፕሮግራም አለ። ከደመወዙ ግማሹን እስከ 5,000 ዶላር ይከፍላል። ለአዲስ መጤዎች፣ ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎችና ለጥቂት ሌሎች 70 በመቶ፣ እስከ 7,000 ዶላር ይደርሳል። የኛ ልጆች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ቀጣሪ ግን አይጠይቅም፣ ልጆቹም አይናገሩም።

እኔ የተጠቀምኩበት ሦስተኛው ነው፣ የናቹራል ሪሶርስስ ካናዳ የግሪን ጆብስ ኢንተርንሺፕ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 30 ለሆኑ ወጣቶች ነው። መንግሥት ገንዘቡን በቀጥታ አይሰጥም፣ በመሃል ድርጅቶች በኩል ያከፋፍላል። ለምሳሌ ደንና ፓርክ ላይ ለሚሠሩ ፒኤልቲ ካናዳ አለ። እኔን ያስተናገደኝ ሌላ ነው፣ ስሙ ይቆየን።

የቀጠርኳት ልጅ ስካርቦሮ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የቆየች ናት። አማርኛዋ ተሰባብሮ ይወጣል፣ ግን «ጋሼ» ማለቷን አትረሳም። አንድ ክረምት ዳንፎርዝ አካባቢ ወደሚገኝ አሮጌ የጡብ ቤት ይዣት ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት የኛው ሰው ናቸው፣ ትልቅ እናት። ብርዱ የሚገባው በመስኮት ነው ብለው በየመስኮቱ ሥር ብርድ ልብስ ጠቅጥቀዋል።

የፊት በሩን ከፍተን ቀይ ሸራ ወጠርንበት፤ መሃሉ ላይ ትልቅ ፋን አለ። ፋኑ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል። በውስጥና በውጭ ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 50 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ የውጭው አየር በየስንጥቁ እያፏጨ ይገባል። ልጅቷ ቀጭን ጭስ የሚያወጣውን መሣሪያ ይዛ ዞረች። መስኮቱ ጋ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሶኬቱ ጋ ስትደርስ ጎበጥ አለ። ወደ ኮርኒሱ የሚያስወጣው ክዳን ሥር ስታደርሰው ጭሱ ተመትቶ ፊቷ ላይ ወረደ። እማማ ከኋላ ሆነው «እጣን ነው እንዴ ልጄ?» አሏት። «አይደለም እማማ፣ ብርዱን ፈልገን» አለች። ብርዱም ተገኘ። የክዳኑ ዳር ምንም ማሸጊያ የለውም፤ ዓመት ሙሉ የጋዝ ሒሳብ ሲከፈል የኖረው ሰማዩን ለማሞቅ ነው።

ድጎማው የሚገዛው ይህን ነው። ርካሽ ጉልበት የመሰለው ሰው ይከስራል። ለአንድ ፍተሻ የሚገባው ክፍያ ያው ነው፣ የሄድነው ግን ሁለት ሰው። እኔ ብቻዬን ቶሎ የምጨርሰውን ቤት፣ እሷ እስክትለካ፣ እስክትጽፍ፣ እንደገና እስክትለካ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያ ጊዜ ገንዘብ ነው። መንግሥት የማስተማሪያዬን ጊዜ ተካፈለኝ፤ ለዚህ ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ድጎማው ባይኖር ልምድ ያለው ሰው እስካገኝ እጠብቅ ነበር እንጂ እሷን አልቀጥርም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ገንዘቡ የሚመጣው ከከፈላችሁ በኋላ በተመላሽ ነው። መጀመሪያ እናንተ ሙሉ ደመወዟን ትከፍላላችሁ። ከዚያ ፔይ ስተቡን (የደመወዝ ደረሰኙን)፣ የባንክ ማስረጃውን፣ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ትልካላችሁ። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። እኔ የላክሁትን ፔይ ስተብ «አልደረሰንም» ብለው ደግመው አስላኩኝ። ፋይሌን የያዘችው ሠራተኛ ለቅቃ ሌላ ተተካ፤ እሱም ከሀ ጀመረ። ልጅቷ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ደመወዟን መቀበል አለባት፤ ወረቀቱ የት ደረሰ አትልም፣ ልትልም አይገባትም። ክፍተቱን የሸፈንኩት በቢዝነሱ የክሬዲት መስመር ነው፣ ወለዱን ማንም አልደጎመኝም። በእኔ ውል ቀጣሪው የሚያዋጣው ሲፒፒና ኢአይም (የጡረታውና የሥራ አጥ መድኑ) አይታሰብም ነበር። እነዚህን ስትደምሩ ግማሽ የተባለው ግማሽ አይደለም።

ማን ይቀጠር የሚለውም ጥብቅ ነው። ዜግነት ወይም ፒአር (ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ያለው፣ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት መሆን አለበት። በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ አይገባም፣ ጉዳዩ ገና በችሎት ያለም እንዲሁ። ከኛ ማኅበረሰብ ሥራው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ያሳዝናል። ውሉ ሳይፈረም ማስጀመር አይቻልም። ለአንድ ወጣት ደመወዝ ከሁለት የፌዴራል ኪስ መውሰድም የለም። ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ «ልጄን በዚህ ልቅጠረው» ብሎኝ ነበር። የራስን ልጅ አይፈቅዱም አልኩት። ደግሞስ ጎመን ስለቀቀልክ አረንጓዴ ሥራ ነው ይሉሃል እንዴ?

ኮከቡን ያስቀነሰኝ ትልቁ ነገር ግን ወረቀቱ አይደለም። በፌብሩወሪ 2024 ግሪነር ሆምስ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። የልጅቷም ድጎማ በዚያው ሰሞን አለቀ። አንዱ የመንግሥት እጅ «ለአረንጓዴ ሥራ ወጣት ቅጠሩ» እያለ ደመወዝ ሲደጉም፣ ሌላው እጅ ደንበኛ የሚያመጣልንን በር ዘጋው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ናቸው! ስልኩ ጸጥ አለ። ልጅቷን በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ ማሠራት አቃተኝ። ሁለቱንም ፈተና አልፋ ነበርና ትልቅ ድርጅት ወሰዳት። አልተቀየምኳትም፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። እሷን ካያችሁ ፕሮግራሙ ሠርቷል። የእኔን ቢዝነስ ካያችሁ ግን ያሠለጠንኩት ለሌላ ሰው ነው።

ደግሜ እሞክረዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን በተማሪው በኩል፣ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ። የሦስት ወር ደመወዝ በባንክ የሌለው ሰው አይግባበት ባይ ነኝ። ያለው ደግሞ ከማመልከቱ በፊት ለመሃል ድርጅቱ ይደውልና ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ተመላሹ የሚገባው በየወሩ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ፣ የዘንድሮው በጀትስ አለ ወይ? የበጀቱን ሳትጠይቁ ፎርም መሙላት አትጀምሩ፤ ገንዘቡ ካለቀ እስከሚቀጥለው ዓመት ጠብቁ ነው የሚሏችሁ። ለሰመር ጆብስ ደግሞ ሰመሩ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ማመልከቻው ባለፉት ዓመታት ኖቬምበር ላይ ተከፍቶ ዲሴምበር ወይም ጃንዋሪ ላይ ሲዘጋ ነው ያየሁት።