ኢንፍሊክሲማብ ብቻውን ወይስ ከአዛታዮፕሪን ጋር?

ክሮንስ በተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ለሚሠቃይ ሰው በደም ሥር የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ ብቻውን ይበቃዋል ወይስ በየቀኑ የሚዋጥ አዛታዮፕሪን ይታከልበት? ሁለቱም የሰውነትን በሽታ የመከላከል ዐቅም ይገታሉ።

በውጤት ረገድ ጥምረቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሶኒክ የተሰኘ ጥናት ሁለቱንም መድኃኒቶች ከዚያ በፊት ያልሞከሩ 508 ሕሙማንን አሳትፏል። በ26ኛው ሳምንት ያለ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት) ሕመሙ ጋብ ያለላቸው በጥምረቱ 56.8 በመቶ፣ በኢንፍሊክሲማብ ብቻ 44.4 በመቶ ነበሩ። አዛታዮፕሪን ብቻውንማ ከ30 በመቶ አላለፈም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኢንፍሊክሲማብ በከፊል ከአይጥ የተገኘ ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ መድኃኒቱም ከደም ቶሎ ይጠፋል። አዛታዮፕሪን ይህን አመፅ ያበርዳል። እኔን የሚያሳምነኝ ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አዛታዮፕሪን ነጭ የደም ሴልን ሊቀንስና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ጥምረቱ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ እጅግ አልፎ አልፎ ገዳይ የሊምፎማ ካንሰር አስከትሏል። ስለዚህ ለወጣት ወንድ ኢንፍሊክሲማብን ብቻ ሰጥቶ መጠኑን በደም ምርመራ መከታተል ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለሌሎች ግን ቢያንስ በጅምሩ ጥምረቱን እመርጣለሁ።

የትኛውም ቢመረጥ ኢንፍሊክሲማብ የተኛ የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) ሊቀሰቅስ ይችላል። ቲቢ በተስፋፋባት ኢትዮጵያ ያደገ ሰው፣ ዛሬ የሚኖረው ውጭ አገር ቢሆንም እንኳ፣ ከመጀመሩ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር።